ከግንቡ ውጭ፦ የቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር የሞን መንደሮችና የጎርፉ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2011 መጸው መካከለኛውን ታይላንድ ያጥለቀለቀው ጎርፍ ወደ ባንኮክ ሲቃረብ፣ ከዋና ከተማዋ በስተሰሜን በኖንታቡሪ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የፓክ ክሬት ከተማ ራሳቸውን ካተረፉት ጥቂት የወንዝ ዳር ከተሞች አንዷ ሆነች። የከተማው አስተዳደርና ነዋሪው የአሸዋ ጆንያ ደርድረው፣ ፓምፕ ተክለውና ሌት ተቀን ተረኛ ጠባቂ አቁመው የቻኦ ፕራያን ወንዝ ለሳምንታት ገትረው ያዙት፤ በዚያ የሽንፈት ዓመትም የፓክ ክሬት ታሪክ እንደ ድል ተወራ። ከዚያው ከተማ ፊት ለፊት፣ በጀልባ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ያለችው የኮ ክሬት ደሴት ግን በዚያው ወቅት ውሃ ውስጥ ነበረች። ቤቶቿ፣ የሸክላ ማቃጠያ ምድጃዎቿ፣ የገዳሟ ቅጥርና ዱሪያን የሚባለውን እሾሃማ ቅርፊት ያለው ትልቅ ፍሬ የሚሰጡ የቆዩ ዛፎቿ በአንድነት ተዋጡ። ደሴቲቱ በወረዳ ደረጃ የፓክ ክሬት አካል ብትሆንም፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ክልል ውጭ የራሷ አነስተኛ የቀበሌ አስተዳደር አላት፤ ማዘጋጃ ቤቱም የተከላከለው ኃላፊነት ያለበትን ክልል ነው።

ይህን ልዩነት የአጋጣሚ ወይም የአንድ አስተዳደር ቸልተኝነት ውጤት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ወንዙን ተከትሎ ከደሴቲቱ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ያው ሁኔታ ደጋግሞ ይገጥመዋል። በፓቱም ታኒ ክፍለ ሀገር የሳም ኮክ ወረዳ የወንዝ ዳር መንደሮች ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ቀድመው ከሚጥለቀለቁት መካከል ናቸው፤ በ2022 የወንዙ ውሃ እንደገና ሲሞላም ኮ ክሬት ዳግመኛ ተጥለቅልቃለች። የሁለቱም ስፍራዎች ነባር ነዋሪዎች በአብዛኛው ከዛሬዋ ምያንማር ተሰድደው የመጡ የሞን ሕዝብ ተወላጆች ሲሆኑ፣ አያቶቻቸው በዚህ ዳርቻ የሰፈሩት በገዛ ምርጫቸው ብቻ ሳይሆን በነገሥታት ትእዛዝ ጭምር ነው። እነዚህ መንደሮች ዛሬ የሚጎዱት ዝናብ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ሌላው ቦታ እንዳይደርስ እነርሱ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ሥርዓት በዙሪያቸው ስለተገነባ ነው። መንግሥት ግን እስካሁን የሚያያቸው ለከተማዋ አገልግሎት እንደሚሰጡ ባለመሬቶች ሳይሆን እርዳታ እንደሚያሻቸው ተጎጂዎች ነው። ከዚህ በታች የምንመለከተው ይህ ሁኔታ እንዴት እንደ ተፈጠረ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳርቻው የተመረጠ መሬት በነበረበት ዘመን

ሞኖች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ምድር ጥንታዊ ከሆኑት ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ከ6ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዛሬዋ ታይላንድ መካከለኛ ክፍል የነበረው የድቫራቫቲ ሥልጣኔ የእነርሱ ነበር፤ በታችኛው ምያንማርም ፔጉን መዲናው ያደረገውን የሐንታዋዲን መንግሥት አቋቁመዋል። የቴራቫዳ ቡድሂዝምና ዛሬ በርማኛ የሚጻፍበት ፊደል ወደ በርማዎች የዘለቁት ባብዛኛው በእነርሱ በኩል ነው። የመጨረሻው የሞን መንግሥት በ1757 በበርማው ንጉሥ በአላውንግፓያ እጅ ወደቀ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በየዘመኑ በተነሡት ጦርነቶችና ዐመፆች ተራራውን አቋርጦ ዛሬ ታይላንድ ወደምትባለው ወደ ሲያም የሚሰደደው ሕዝብ አልተቋረጠም። ከእነዚህ የስደት ማዕበሎች ሁለቱ ለዛሬው ነገራችን ዋናዎቹ ናቸው። አንደኛው በ1774 ፍያ ቼንግ በተባለው መሪ ሥር የመጣውና የሲያሙ ንጉሥ ታክሲን በፓክ ክሬትና በሳም ኮክ ያሰፈረው ነው። ሁለተኛው በ1815 የመጣው ሲሆን ከ40,000 በላይ ሰው እንደ ነበረበት ይነገራል፤ የዘመኑ ንጉሥ ሁለተኛው ራማ ስደተኞቹን እንዲቀበል ወደ ካንቻናቡሪ የላከው ገና በልጅነት ዕድሜ የነበረውን ልጁን፣ በኋላ አራተኛው ራማ ተብሎ የነገሠውን ሞንግኩትን ነበር።

ንጉሥ ልጁን ልኮ ስደተኛ ማስቀበሉ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የሲያም መዲና አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ከወደመች በኋላ አገሪቱን የቸገራት የመሬት ሳይሆን የሰው እጥረት ነው፤ ጦርነት ራሱ በአብዛኛው የሚካሄደው ሰውን ማርኮ ለማስፈር እንጂ ግዛት ለማስፋት አልነበረም። ስለዚህ በራሱ ፈቃድ የመጣ፣ ከበርማ ጋር ቂም ያለው፣ የሩዝ እርሻና የሸክላ ሥራ የሚያውቅ ሕዝብ ለዙፋኑ ሀብት ነበር። ሞኖች በራሳቸው አለቆች ሥር ሆነው በምዕራቡ ድንበር በቃፊርነትና በወታደርነት አገለገሉ፤ በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ለዋና ከተማዋ ሩዝ፣ ጡብና የሸክላ ዕቃ አቀረቡ። በወንዙ አፍ አጠገብ ያለችው የፍራ ፕራዴንግ ከተማም በ1815 እንደ ምሽግ ስትቆረቆር ከሳም ኮክ የተወሰዱ ሞኖች ሰፍረውባታል። በዚያው ዓመት ሳም ኮክ ራሷ፣ ሁለተኛው ራማ ሊጎበኛት በሄደ ጊዜ ሞኖቹ የሎተስ አበባ ይዘው ስለተቀበሉት፣ የሎተስ ከተማ የሚል ትርጉም ያለውን ፓቱም ታኒ የሚለውን ስም እንዳገኘች ይተረካል።

የተሰጣቸው ቦታ ደግሞ የዘመኑ ምርጥ መሬት ነበር። እንደ ቻኦ ፕራያ ያለ ዝግ ብሎ የሚፈስ የሜዳ ወንዝ ሞልቶ ሲያፈስስ፣ የተሸከመውን ከባዱን ደለል በቅድሚያ የሚጥለው ከአፋፉ ላይ ነው፤ ቀላሉ ጭቃ ግን ርቆ ይሄዳል። በዚህ ሥራ በየዓመቱ እየተደራረበ የሚነሣው ዳርቻ ከኋላው ካለው ረግረግ ሜዳ ከፍ ይላል። ስለዚህ በዚያ አገር ወንዝ ዳር መኖር ማለት ከሌላው ቀድሞ መስጠም ማለት ሳይሆን ከሌላው ዘግይቶ መስጠም ማለት ነበር። ቤቶቹ በምሰሶ ላይ የቆሙ ስለነበሩ፣ ቀስ ብሎ የሚነሣው የመስከረምና የጥቅምት ውሃ ከወለሉ ሥር አልፎ ይሄዳል፤ ሲመለስም ለአትክልቱ አዲስ አፈር ጥሎ ይሄዳል። መንገዱም፣ ገበያውም፣ ገዳሙም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ወንዙ ነው።

ኮ ክሬት ደሴት የሆነችበት ታሪክ ራሱ ነገሥታት በዚህ ወንዝ ላይ ምን ያህል እንደ ሠለጠኑበት ያሳያል። ወንዙ በዚህ ስፍራ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይዞር ነበር፤ በ1722 ንጉሥ ታይ ሳ የጀልባ ጉዞ እንዲያጥር ብሎ የቅስቱን አንገት የሚቆርጥ ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ መጀመሪያ ጠባብ ነበር፤ ወንዙ ግን አቋራጩን ወዶት እያደር ዳርና ዳሩን በልቶ አሰፋው፣ በመካከል የቀረውም መሬት በውሃ ተከበበ። ይህ ብቸኛው አልነበረም፤ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመንም ከአዩታያ እስከ ባሕሩ ባለው መንገድ ላይ ተመሳሳይ አቋራጮች ተቆፍረዋል፤ ዛሬ በባንኮክ መሐል የሚያልፈው የወንዙ ክፍልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ቻኦ ፕራያ በሰው ትእዛዝ መታጠፍ የጀመረው በቅርብ ጊዜ አይደለም ማለት ነው።

ውሃን ማስገባትና ማስወጣት የሚያውቅ እርሻ

የደሴቲቱ ስም በሸክላ ሥራ ቢታወቅም የኑሮዋ መሠረት የአትክልት ቦታው ነበር፤ አሠራሩንም ሳይረዱ ጉዳቱን መመዘን አይቻልም። በኖንታቡሪ የወንዝ ዳር የፍራፍሬ እርሻ ማለት ጎን ለጎን የተዘረጉ ከፍ ያሉ መደቦችና በመካከላቸው ያሉ ቦዮች ናቸው። ቦዮቹ በትናንሽ መዝጊያዎች ከወንዙ ጋር ይገናኛሉ፤ የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ወንዙም ስለሚነሣ ገበሬው ከፍቶ ያስገባል፣ ሲጎድልም ያስወጣል፣ ያለ ፓምፕ ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከቦዩ ሥር የረጋው ጭቃ እየተዛቀ በመደቡ ላይ ይደረጋል፤ ማዳበሪያው እርሱ ነው። በቦዮቹ ጠርዝ የሚተከለው ታይላንዶች ቶንግላንግ የሚሉት ዛፍ፣ በአገራችን ኮርች ከምንለው ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ ለዱሪያኑ ጥላ ይሰጣል፣ ሥሩ አፈሩን ያበለጽጋል፣ ቅጠሉም ወደ ቦዩ እየረገፈ ለጭቃው ይሆናል።

ከዚህ እርሻ የሚወጣው የኖንታቡሪ ዱሪያን በታይላንድ ከሁሉ ውድ የሆነው ዱሪያን ነው። ረጅም እጀታ ያለው ካን ያኦ የተባለው ዝርያ በዛፉ ላይ እያለ አስቀድሞ ተሸጦ ያልቃል፤ በ2019 በኖንታቡሪ በተደረገ የበጎ አድራጎት ጨረታ አንድ ፍሬ በ1.5 ሚሊዮን ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ሲሸጥ ዜናው ዓለምን ዞሯል። የጨረታውን ዋጋ የገበያ ዋጋ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ይሁን እንጂ በተራ ጊዜም አንድ ፍሬ በሺዎች ባት የሚሸጥበት እርሻ ነው። የዚህ ሁሉ ድካም ጠላት ደግሞ የቆመ ውሃ ነው። ዱሪያን ሥሩ አየር ካጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታመም ይጀምራል፤ ሳምንታት ከቆመበትም ይደርቃል። የ1942 ጎርፍ የኖንታቡሪን የዱሪያን አትክልት አጠፋ፤ የ1995ቱ እንዲሁ አደረገ፤ የ2011ዱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ተተክሎ ያፈራውን ወሰደ። ችግኝ ተክሎ ፍሬ ለማየት ከአምስት ዓመት በላይ፣ ደኅና ምርት ለማግኘት ደግሞ ከዚያ የሚረዝም ጊዜ ይፈልጋል። ጎርፉ በዐሥር ወይም በዐሥራ አምስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ገበሬው በዕድሜው ስንት ጊዜ ከዜሮ መጀመር እንደሚችል ማስላት አያስቸግርም።

በሌላው የዓመቱ ጫፍ ጨው አለ። በበጋ ከላይ የሚለቀቀው ውሃ ሲያንስ የባሕሩ ውሃ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በ2020 መጀመሪያ ለባንኮክ የሚሆነው ውሃ ከሚቀዳበት ከፓቱም ታኒ ድረስ ዘልቆ የከተማዋን የቧንቧ ውሃ ጨዋማ አድርጎት ነበር። ባንኮክ ውስጥ ሰው የታሸገ ውሃ ገዛ፤ ከመቅጃው በታች ያለው የኮ ክሬት ገበሬ ግን የቦዩን መዝጊያ ዘግቶ ውሃው እስኪጣፍጥ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ክረምት ሲሆን በዝቶ፣ በጋ ሲሆን ጨውቶ የሚመጣ ውሃ ለዚህ ዓይነቱ እርሻ እኩል ጠላት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ የሚወሰኑት ከደሴቲቱ ብዙ ርቀት ላይ ባሉ የግድብ በሮች ነው።

የሸክላው ሥራ ከዚህ ያነሰ ቦታ አይገባውም፤ ነገር ግን በአጭሩ እናልፈዋለን። በዘይት ያልተቀባው ቀይ የሞን ሸክላ የኖንታቡሪ ክፍለ ሀገር ማኅተም ላይ እስከ መሳል ደርሷል፤ በሳም ኮክም የጥንት የጋን ማቃጠያ ምድጃዎች ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። ታይላንዳውያን ተራውን ቀይ ጡብ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ የሞን ጡብ ይሉታል። ከፕላስቲክና ከአልሙኒየም በኋላ ትልቁን የውሃ ጋን የሚፈልግ ስለጠፋ፣ የደሴቲቱ ሸክላ ሠሪዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚኖሩት የቅዳሜና የእሑድ ጎብኚ በሚገዛው ትንንሽ ጌጠኛ ዕቃ ነው። ጎብኚው የሚረግጠው ግን በአብዛኛው በሰሜን በኩል በፖራማይ ዪካዋት ገዳም ዙሪያ ያለውን ጠባብ መንገድ ነው፤ ከጀርባ ያለው ገበሬ ከዚህ ገንዘብ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

ዳርቻው እንዴት ዝቅ አለ

የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወንዙን ጠባይ ለወጠው። በ1957 በቻይ ናት የቻኦ ፕራያ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተጠናቀቀ፤ በ1964 የቡሚቦል፣ በ1970ዎቹ ደግሞ የሲሪኪት ታላላቅ ግድቦች በላይኞቹ ገባር ወንዞች ላይ ሥራ ጀመሩ። ተራው ዓመታዊ ሙላት ቀነሰ፤ ለአንድ ትውልድ ያህልም ወንዙ የተገራ መሰለ። በዚያ ጊዜ መንገድ ተሠራ፣ ከተማው ለወንዙ ጀርባውን ሰጠ፣ በምሰሶ የቆመውም ቤት ሥሩ በግንብ እየተዘጋ መኝታና ሱቅ ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ጸሐፊዎች ያልፉታል፤ ነገር ግን የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ለጎርፍ የተጋለጡት ሌላው በሠራው ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት ጎርፉ ተገድቧል ሲል አምነው በገነቡትም ነው። ያመኑበት ምክንያት ነበራቸው።

ከዚያ የአካባቢው መሬት ራሱ ተለወጠ። የባንኮክና የአካባቢዋ ፋብሪካዎችና ቤቶች የከርሰ ምድር ውሃ ያለ ልክ በመቅዳታቸው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ስፍራዎች መሬቱ በዓመት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ይሰምጥ ነበር፤ ቁጥጥር ከተጀመረ ወዲህ ፍጥነቱ በእጅጉ ቢቀንስም የሰመጠው አልተመለሰም። በሩዝ ማሳው ላይ የቤት ሠፈሮችና ፋብሪካዎች ሲተከሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው መሬቱን በአፈር ሞልቶ ከፍ ማድረግ ነው። አንዱ ሲሞላ የቀረው ጎረቤቱ ሳይነካ ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ የጥንቱ ከፍታ ተገለበጠ፤ በተፈጥሮ ከፍ ያለው ዳርቻ በሰው ሥራ ከተከበቡት ቦታዎች ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ።

የ2011 ጎርፍ ይህን ግልብጥ አጸናው። በዚያ ዓመት ከ800 ሰው በላይ ሞተ፤ የዓለም ባንክ የኪሳራውን መጠን ወደ 1.43 ትሪሊዮን ባት ገመተው። ከዚህ ውስጥ ብዙውን እጅ የያዘው በአዩታያና በፓቱም ታኒ የተጥለቀለቁት ሰባት የኢንዱስትሪ ሠፈሮች ኪሳራ ስለነበረ፣ ለመኪናና ለኮምፒውተር ዕቃ አምራቾች ዋስትና መስጠት የመንግሥት ቀዳሚ ተግባር ሆነ። በመንግሥት ድጋፍ በሠፈሮቹ ዙሪያ የኮንክሪት ግንብ ተነሣ፤ የባንኮክም የወንዝ ዳር ግንብ ከፍ ተደረገ፤ የየከተማው ማዘጋጃ ቤትም እንደ አቅሙ የራሱን ሠራ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በሳፋ ውሃ ውስጥ ጡብ ሲጨመር ውሃው ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ሜዳው ላይ ይሰራጭ የነበረው ጎርፍ አንድ ግንብ በተነሣ ቁጥር የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ የቀረው ደግሞ በግንቦቹ መካከል ያለው ወንዝና ዳርቻው ብቻ ነው። የውሃ ባለሥልጣናት የማስጠንቀቂያ መግለጫ ሲያወጡ ከመከላከያው ውጭ ያሉ ማኅበረሰቦች ንብረታቸውን ወደ ከፍታ እንዲያነሡ ያሳስባሉ። ይህ አነጋገር በየዓመቱ ስለሚደገም እንደ ጂኦግራፊ ይሰማል፤ መከላከያው የት እንዲያልፍ የወሰነው ግን ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን የብሔር በደል አድርጎ መተረክ ይቀናል፤ ትክክል አይመስለኝም። በእነዚህ ዳርቻዎች ቻይናውያን ነጋዴዎችም፣ ሙስሊሞችም፣ ታዮችም ከሞኖች ጎን አብረው ይኖራሉ፣ አብረውም ይጥለቀለቃሉ። የታይላንድ ነባር ሞኖች ሙሉ ዜጎች ናቸው፤ የዛሬው ሥርወ መንግሥት መሥራች የመጀመሪያው ራማ ቤተ ሰብ ራሱ የሞን ደም እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ሞንግኩት በመነኩሴነቱ ዘመን ያቋቋመው የታማዩት የመነኮሳት ማኅበርም የሞን መነኮሳትን ሥርዓት አርአያ አድርጎ የተነሣ ነው። ዛሬ በማሃቻይ የዓሣ ፋብሪካዎች ከሚሠሩት፣ ከምያንማር በቅርብ ከመጡት የሞን ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸሩ የኮ ክሬት ሰዎች በሕግ ፊት ያላቸው ቦታ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቋንቋቸው ከሕፃናት አፍ እየጠፋ የመጣውም በጎርፍ ሳይሆን፣ ከ1921 የግዴታ ትምህርት ሕግ ወዲህ ትምህርት ቤቱ የታይ ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ነው። የሞንነት ጉዳይ እዚህ የሚገባው በሌላ በኩል ነው፦ ማኅበረሰቡ የሚታወቅበት ሁሉ፣ ገዳሙ፣ ሸክላው፣ አትክልቱ፣ የሶንግክራን (የአዲስ ዓመት) በዓሉ ሰልፍ፣ ከዳርቻው ጋር የተሳሰረ ነው። የከተማ ቤተ ሰብ ጎርፍ ቢያገኘው ሌላ ሠፈር ይከራያል፤ እነርሱን ግን ከወንዙ ማንሣት ማለት ማኅበረሰቡን መበተን ነው። በፖራማይ ዪካዋት ገዳም የወንዝ ዳር ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ቼዲ፣ ማለትም የቡድሂስቶች ሾጣጣ የአምልኮ ሐውልት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳርቻው ተሸርሽሮ ስትዘም፣ ሰዎቹ አላፈረሷትም፣ አላቃኗትምም፤ ከሥሯ ያለውን አፋፍ አጠናክረው እንዳዘመመች ተዉአት።

የካሣው ሒሳብ

መንግሥት ለተጎጂዎች ምንም አልሰጠም ማለት አይቻልም። በ2011 ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ 5,000 ባት፣ ቤቱ ለተጎዳበትም ተጨማሪ ሰጥቷል፤ በ2024 ጎርፍ ጊዜ ደግሞ ለአንድ ቤተ ሰብ 9,000 ባት ወጥ ክፍያ ወሰነ። ለእርሻ በ2011 የተመደበው ለሩዝ በአንድ ራይ 2,222 ባት፣ ለፍራፍሬ አትክልት 5,098 ባት ነበር። ራይ የታይላንድ የመሬት መለኪያ ሲሆን 1,600 ካሬ ሜትር ነው። ለሩዝ ገበሬ የተሰጠው የአንድ ወቅት ዘርና ድካሙን በከፊል ሊክስ ይችላል፤ በሚቀጥለው ወቅት እንደገና ይዘራልና። በፍራፍሬው በኩል ግን ስሌቱ መሠረቱ ተናግቷል። በአንድ ራይ ላይ ለቆሙ የዱሪያን ዛፎች ሁሉ የተከፈለው ገንዘብ ከዛፎቹ በአንዱ ላይ የሚገኝን አንድ ጥሩ ፍሬ ዋጋ እምብዛም አይበልጥም፤ የጠፋው ደግሞ የአንድ ዓመት ምርት ሳይሆን ዛፉና ዛፉ እስኪያድግ የሚያልፉት ዓመታት ናቸው።

የሒሳቡ ጉድለት ከመጠኑ ይልቅ በዓይነቱ ነው። እርዳታ የሚሰላው ከጉዳት በኋላ በደረሰው ኪሳራ ነው፤ የዳርቻው መሬት ግን ውሃ በመያዙ ለሌላው ያተረፈለት ነገር አለ። የታይላንድ መንግሥት ይህን ሐሳብ የማያውቀው አይደለም። ከ2017 ጀምሮ በባንግ ራካምና በታችኛው ቻኦ ፕራያ ባሉ 12 ሜዳዎች ሩዝ ገበሬዎች ቀድመው እንዲዘሩና እስከ መስከረም አጋማሽ እንዲያጭዱ ውሃ አስቀድሞ እየተለቀቀላቸው፣ ከአጨዳ በኋላ ማሳቸው የጎርፍ ውሃ እንዲይዝ ተደርጓል። አሠራሩ ብዙ ቅሬታ ቢኖርበትም አንድ ቁም ነገር ይዟል፤ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ከባለመሬቱ ጋር የጊዜ ስምምነት አለ። የዱሪያንና የሌላ ፍራፍሬ ባለቤት ግን ዛፉን አጭዶ ማሳውን ሊያስረክብ አይችልም፤ ስለዚህ ከዚህ ስምምነት ውጭ ነው። ለእርሱ የሚስማማው ሌላ ነው፦ የመደቦቹን ዙሪያ የሚከላከል ዝቅተኛ ቅጥርና ፓምፕ፣ ዛፉ ቢሞት በዛፉ ዕድሜ የሚሰላ ካሣ፣ ወይም መሬቱ ለጎርፍ ማሳለፊያነት ተመድቧል ከተባለ በየዓመቱ የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋ። የመጨረሻው ለአስተዳዳሪዎች የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክፍያው መሬቱ ሆን ተብሎ እንደሚጥለቀለቅ ማመን ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ ከአዩታያ በላይ እየተቆፈረ ነው። በ2019 የጸደቀው የባንግ ባን–ባንግ ሳይ ቦይ 22.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ኖሮት በሰከንድ 1,200 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያሳልፍ የታቀደ ነው። ወንዙ በአዩታያ አካባቢ ስለሚጠብብ፣ ቦዩ ውሃውን ከጥንታዊቷ ከተማና ከኢንዱስትሪ ሠፈሮቿ ዞር አድርጎ ከታች መልሶ ወደ ወንዙ ይጨምረዋል። ለአዩታያ ጥቅሙ አያጠራጥርም። መጨረሻው ያለበት ባንግ ሳይ ግን ከሳም ኮክ ጋር የሚዋሰን ወረዳ ነው፤ በአዩታያ ሜዳዎች ለቀናት ዘግይቶ ይመጣ የነበረው ውሃ በቦዩ በኩል ሲያቋርጥ ቶሎ የሚደርሰው እነዚህ መንደሮች ዘንድ ነው። የባሕሩ ሙላት ከፍ ባለበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ አይኖረውም። ጉዳቱ የሚወሰነው በቦዩ መኖር ሳይሆን በበሩ አከፋፈት ነው፤ መቼ፣ በምን መጠን፣ ከታች የባሕሩ ሁኔታ ምን ሲሆን።

የበሩን አከፋፈት በሚመለከት የ2018 የውሃ ሀብት ሕግ አንድ ቀዳዳ ይከፍታል። ሕጉ በየተፋሰሱ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ውሃ ተጠቃሚዎች በማኅበር ተመዝግበው ከግብርና፣ ከኢንዱስትሪና ከንግድ ወኪሎቻቸውን እንዲልኩ ይፈቅዳል። የኮ ክሬትና የሳም ኮክ ገበሬዎች በዚህ መንገድ መግባት ይችላሉ፤ መግባትም ያለባቸው ይመስለኛል። ችግሩ ሕጉ ወንበር የሚሰጣቸው ውሃ ስለሚጠቀሙ እንጂ ውሃ ስለሚሸከሙ አለመሆኑ ነው፤ በግብርናው ወንበር ላይም ከእነርሱ አጠገብ የሚቀመጠው ውሃው ከማሳው ቶሎ እንዲወርድለት የሚፈልገው የላይኛው ተፋሰስ ሩዝ ገበሬ ነው። የቦዩ ሥራ ተጠናቅቆ የበሮቹ አከፋፈት ደንብ ከመጽደቁ በፊት፣ ከግንቡ ውጭ ያሉት ማኅበረሰቦች በራሳቸው ስም የሚወከሉበት ቦታ ካልተለየላቸው፣ በድርድሩ ላይ ሊያቀርቡ የሚችሉት ከጎርፉ በኋላ የሚሞላ የካሣ ማመልከቻ ብቻ ይሆናል።